ከእጥበት በፊት

ከሰዓት በኋላ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ሚኒባስ ቀስ እያለች ትዞራለች። ጎኗ ላይ በተወጠረው ባነር የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ አለ፤ ከጣሪያዋ የታሰረው ድምፅ ማጉያ አገሩ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን ጥሪ ይደጋግማል፦ «ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከጥቅም ውጭ ሆነዋል፤ ወገን ድረስለት!» ሙዝ ሻጯ ከመቀነቷ ብር ትፈታለች። የባጃጁ ሾፌር ሳይወርድ እጁን ዘርግቶ ይሰጣል። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን በስልኩ የሚያነሳም አለ። ሚኒባሷ ወደ ሴቻ ሽቅብ ስትወጣ ድምፁ እየራቀ ይሄዳል።

ይኸው ትዕይንት አዲስ አበባም፣ ሐዋሳም፣ ባሕር ዳርም አለ። አብዛኛው ሰው ስለ ኩላሊት የሚሰማው በዚህ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ኩላሊት ማለት እጥበት፣ እጥበት ማለት ገንዘብ፣ ገንዘብ ማለት ደግሞ እርዳታ መጠየቅ ሆኖ በአእምሮው ተቀርጿል። በወሬው ውስጥ መድኃኒት የሚባል ነገር የለም። የሚገርመው ግን ባለፉት 40 ዓመታት፣ ይልቁንም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ፣ እንደ ኩላሊት በኪኒን ዕጣው የተለወጠ ሕመም ብዙ አለመኖሩ ነው። የተለወጠው ድምፅ ማጉያው ከመከፈቱ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ያለው ዘመን ነው፤ ታማሚው ራሱን ጤነኛ ነኝ ብሎ የሚያምንበት ዘመን።

ሰው በእያንዳንዱ ኩላሊቱ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይዞ ይወለዳል። ሁለቱም ኩላሊቶች በአንድ ላይ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚያ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው፤ ሌላው ወደ ደም ይመለሳል። የሞተ ማጣሪያ አይተካም። የቀሩት የሟቾቹን ድርሻ ደርበው ስለሚሠሩ ባለቤቱ ግማሹን ካጣ በኋላም ምንም ላይሰማው ይችላል። እግሩ ሲያብጥ፣ ምግብ ሲያስጠላው፣ ሲያስመልሰው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ግን ብዙውን ጊዜ መሽቷል። ከዋነኞቹ መንስኤዎች ሁለቱ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው፦ ግፊትና ስኳር። ከእነሱ ጋር የማጣሪያዎቹ ቁጣ፣ ኤችአይቪ፣ የሽንት ቧንቧ መዘጋት፣ ያለ ልክ የሚወሰድ ማስታገሻ ይሰለፋሉ፤ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ባለው ቆላ ደግሞ ከባድ ወባ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊያደክም ይችላል።

የዚህ ታሪክ ዋናው መድረክ የእጥበት ክፍል አይደለም፤ የግፊትና የስኳር ክትትል የሚደረግበት ጠባብ ክፍል ነው። በቀጠሮ ቀን ደጃፉ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ገና በጠዋት ይሞላል። ከደጋው የወረዱ አዛውንቶች ካርዳቸውንና ባዶ የኪኒን ማሸጊያቸውን በፌስታል ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለ ንግግር በየወሩ ይሰማል።

«አባባ፣ ባለፈው ወር ምነው ቀሩ?»

«ደህና ሆንኩ እኮ ልጄ። ራስ ምታቱም ተወኝ።»

«መድኃኒቱንስ?»

«ተወኝ ስልሽ፤ ለምን እውጣለሁ?»

ነርሷ ግፊታቸውን ትለካለች፤ 180 በ110። አዛውንቱ ምንም አይሰማቸውም። ችግሩም ይኸው ነው፤ የማይሰማ ሕመም ለማይሰማ ጥቅም ሲባል በየቀኑ ኪኒን ዋጡ ይላል። ከቦንኬ ወይም ከዲታ ወርዶ፣ የመኪና ከፍሎ፣ ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ የሚመለስ ገበሬ «ደህና ነኝ» ካለ በኋላ መድኃኒቱን ማቋረጡ ስንፍና ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ያ ኪኒን ምን እንደሚሠራለት የነገረው ሰው የለማ!

ኪኒኑ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ በላንቴና በሼሌ በኩል ያሉት የሙዝ ማሳዎች የሚጠጡት በቦይ ነው። ውሃው በኃይል ሲመጣ ገበሬው ሁለት ምርጫ አለው፤ የማሳውን መግቢያ ያጠብባል፣ አለዚያም መውጫውን ያሰፋል። ሁለቱንም ካላደረገ ውሃው አፈሩን ይዞት ይሄዳል። የኩላሊት ማጣሪያም አንድ መግቢያ ሥርና አንድ መውጫ ሥር አለው። በግፊትና በስኳር ዘመን በመካከሉ ያለው ጫና ይበረታል፤ ማጣሪያው ይቀደዳል፤ ሊወጣ የማይገባው ፕሮቲን ወደ ሽንት ይወርዳል፤ በመጨረሻም ቦታው ጠባሳ ይሆናል። የኩላሊት መድኃኒት ታሪክ አብዛኛው የእነዚህ የሁለት በሮች ታሪክ ነው። መጀመሪያ መውጫውን የሚያሰፋ መድኃኒት ተገኘ፤ መግቢያውን የሚያጠብበው የመጣው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የመውጫው መድኃኒት የተገኘው ከእባብ መርዝ ነው። በብራዚል ጃራራካ የሚባል እፉኝት አለ፤ የነከሰው ሰው የደም ግፊቱ ወርዶ ይዝለፈለፋል። ሰርጂዮ ፌሬራ የተባለ ብራዚላዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመርዙን ቅንጣት ይዞ ለንደን ወደሚገኘው የጆን ቬን ቤተ ሙከራ ሄደ። መርዙ የሚያግደው የደም ሥሮችን የሚያጠብብ ንጥረ ነገር የሚመረትበትን መንገድ መሆኑ ታወቀ። በስኩዊብ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ኩሽማንና ሚጌል ኦንዴቲ የመርዙን አሠራር የሚመስል ኪኒን ሠሩ፤ ካፕቶፕሪል ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ኢናላፕሪል የእሱ ታናሽ ነው። ዛሬ በአገራችን ጤና ተቋማት ለግፊት በስፋት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ እሱ ነው።

ሁለቱም በመጀመሪያ የተፈቀዱት ለግፊት እንጂ ለኩላሊት አልነበረም። ለኩላሊት ያላቸው ጥቅም በጥናት የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። 409 የስኳር ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት ካፕቶፕሪል የወሰዱት የመሞት ወይም ለእጥበትና ለንቅለ ተከላ የመዳረግ ዕድላቸው በግማሽ ቀነሰ። ግፊት ከመቀነስ ብቻ ሊገኝ ከሚችለው በላይ የሆነ ጥቅም ነበር። ሎሳርታንን የመሰሉት የእነዚሁ የቅርብ ዘመድ መድኃኒቶች በ2001 ለኩላሊት መጥቀማቸውን አሳዩ። እንግዲህ በጤና ጣቢያው መስኮት ለአዛውንቱ በወረቀት ተጠቅልላ የምትሰጠዋ ትንሽ ኪኒን ተራ የግፊት መድኃኒት ብቻ አይደለችም፤ በተለይ ስኳር ላለበት ወይም ሽንቱ ፕሮቲን ለሚያሳይ ሰው የኩላሊት መከላከያ ናት። ይህን ሲሰሙ አቋርጠው ተመልሰው የሚጀምሩ ይኖራሉ።

መድኃኒቱ አመልም አለው። ደረቅ ሳል የሚያስነሳባቸው አሉ፤ እነሱ ወደ ሎሳርታን ይዛወራሉ። ነፍሰ ጡር አትወስደውም። በጀመሩ ሰሞን ክሬቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ ልኬት) ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ እስከ 30 በመቶ ድረስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በማጣሪያው ላይ ያለው ጫና የመቀነሱ ምልክት ስለሆነ መድኃኒቱ አይቋረጥም። ሌላው አመሉ ፖታሲየምን በደም ውስጥ ማቆየቱ ነው፤ ይህ ደግሞ አርባ ምንጭ ላይ ልዩ ትርጉም አለው። መካከለኛ መጠን ያለው አንድ ሙዝ ከ400 ሚሊግራም በላይ ፖታሲየም ይይዛል። ጋሞዎች ሀለኮ የሚሉት ሽፈራውም ቅጠላ ቅጠል እንደመሆኑ በፖታሲየም አይታማም። ኩላሊቱ ገና ጠንካራ የሆነ የግፊት ታማሚ ሙዝ የሚፈራበት ምክንያት የለም። ኩላሊቱ ክፉኛ የደከመና እጥበት ላይ ያለ ሰው ግን በቀን ከ2,000 ሚሊግራም አካባቢ እንዳያልፍ ሊመከር ይችላል፤ ለእሱ አራት አምስት ሙዝ ቀኑን ይሞላዋል፤ የበዛ ፖታሲየም ደግሞ ልብን በድንገት ያቆማል። በሙዝ ከተማ የሚሠራ የሕክምና ባለሙያ ታማሚውን ስለ ጨው ብቻ መክሮ መሸኘት የለበትም።

ሽፈራው ስኳርና ግፊት ያወርዳል የሚለው እምነት በደቡቡ አገር ሥር የሰደደ ነው፤ ተመራማሪዎችም በእንስሳት ላይ ሞክረውታል። ምግብነቱን የሚነቅፍ የለም። ግን «ሀለኮ እየጠጣሁ ነው» ብሎ ኢናላፕሪልን የተወ ሰው የተረጋገጠውን ባልተረጋገጠው ለውጧል።

መግቢያውን ወደሚያጠብበው መድኃኒት ለመሄድ ከአርባ ምንጭ ሽቅብ 37 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነው። መንገዱ በዶርዜ በኩል እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ሙዙ ይቀርና እንሰቱና ቀርከሃው ይመጣል፤ ጨንቻ ሲደርሱ ጋቢ ያስፈልጋል። ጨንቻ የአፕል አገር ናት። ሚሲዮናውያን ያመጡት ዛፍ ደጋውን ወዶ በየጓሮው ተተክሏል፤ ችግኙ ወደ ሌሎች ክልሎችም ይሸጣል። የአፕል ዛፍ ቅርፊት ከኩላሊት መድኃኒት ጋር ያለውን ዝምድና የሚያውቅ የጨንቻ ገበሬ ግን ብዙ ያለ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1835 የአውሮፓ ኬሚስቶች ከአፕል ሥር ቅርፊት ፍሎሪዚን የሚባል መራራ ንጥረ ነገር አወጡ። ምሬቱ የወባ መድኃኒት ይገኝበት የነበረውን የሲንኮና ቅርፊት ስለመሰላቸው ለትኩሳት ይጠቅማል ብለው ተስፋ አደረጉ። በ1886 ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ይህ ነገር ሽንትን ጣፋጭ እንደሚያደርግ ደረሰበት። ኩላሊት ስኳርን ከሽንት ወደ ደም የሚመልስበትን በር ይዘጋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ በቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ ቆየ። ፍሎሪዚን ራሱ መድኃኒት መሆን አልቻለም፤ አንጀት ይሰባብረዋል፤ ሆድ ያስቀምጣል። (ስለዚህ የጨንቻን አፕል ቅርፊት አፍልቶ ለመጠጣት ያሰበ ካለ ከወዲሁ ይተወው።) ኬሚስቶች ቅርጹን አሻሽለው ዳፓግሊፍሎዚንን፣ ኢምፓግሊፍሎዚንንና መሰሎቻቸውን ሠሩ።

እነዚህም የመጡት በስኳር በር ነው። የስኳር ሕሙማን በሽንታቸው ስኳር እንዲያስወግዱ ተብለው ተሰጡ፤ ስኳር በመቀነስ በኩል ያን ያህል ብርቱ አልነበሩም። ሐኪሞችን ያስደነቀው ሌላ ነገር ነው፤ የሚወስዷቸው ሰዎች ኩላሊትና ልብ ረጅም ዕድሜ አገኘ። ያልተመለሰው ስኳርና ጨው በማጣሪያው አጠገብ ሲያልፍ ኩላሊት ራሱ መግቢያውን እንዲያጠብብ ምልክት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ በሆነው የዳፓግሊፍሎዚን ጥናት 4,304 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ሲሶ ያህሉ ስኳር የሌለባቸው ነበሩ። የኩላሊት አቅም በግማሽ የመውረድ፣ ለእጥበት የመድረስ፣ በኩላሊት ወይም በልብ ሕመም የመሞት አደጋ በጥቅሉ በ39 በመቶ ቀነሰ። ጥቅሙ ጎልቶ በመታየቱ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ በፊት ቆመ። በ2022 ደግሞ 6,609 ሰዎች የተሳተፉበት የኢምፓግሊፍሎዚን ጥናት ተመሳሳይ መልስ ሰጠ። ስኳር ኖረም አልኖረ መድኃኒቱ ይሠራል። የሚታገሡት ነገር አለ፤ የብልት አካባቢ ፈንገስ ያስከትላል፤ ተቅማጥና ትውከት በበረታ ቀን ወይም ምግብ በማይወሰድበት ጊዜ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ረጅም ጾም የሚጾም ታማሚም አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት።

የዳፓግሊፍሎዚን ጥናት የተካሄደው በ21 አገሮች ነው። አንድም የአፍሪካ አገር በውስጡ አልነበረም። ይህ ቁጭት ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ የሰው ዘር ታሪክ በኩላሊት ላይ የጻፈው ነገር ከቦታ ቦታ ይለያያልና። ምሳሌውም ለጋሞ ቆላ ከብት አርቢ ቅርብ ነው። ከብቱን የሚጨርሰውን ገንዲን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በቆላ ዝንብ ይተላለፋል። የዚያ ተሕዋስ ዘመድ በሌላው የአፍሪካ ክፍል ሰውን ለእንቅልፍ በሽታ ይዳርጋል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 አፖኤል1 በሚባል ዘረመል ላይ ከእንቅልፍ በሽታ የሚከላከል ለውጥ አገኙ፤ ለውጡ በምዕራብ አፍሪካ የተስፋፋ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ከእናትም ከአባትም የወረሰው ሰው ኩላሊቱ በቀላሉ ይጎዳል። ጥቁር አሜሪካውያን በኩላሊት ድክመት በብዛት የሚጠቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለዚሁ የዘረመል ለውጥ ብቻ የተሠራ ኢናክሳፕሊን የተባለ ኪኒን አለ፤ በ2023 የታተመው የመጀመሪያ ሙከራው በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲን በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳየ። በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ያንን አደገኛ ለውጥ አላገኘም። ስለዚህ «ለጥቁር ሕዝብ ኩላሊት» ተብሎ የሚወደሰው አዲስ መድኃኒት ለጋሞ ሰው የሚፈይደው ጥቂት ነው። ስለ እኛ ኩላሊት የሚነግረን በእኛ ላይ የተደረገ ጥናት ነው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አለው፤ ልደትና ሞት በየቤቱ ይመዘገባል። ክሬቲኒንና የሽንት ፕሮቲን ለመለካት ከዚህ የተሻለ መነሻ የት ይገኛል?

ለመጨረሻው ደረጃ የመጡት መድኃኒቶችም ታላላቅ ናቸው። የደከመ ኩላሊት ደም እንዲመረት የሚያዘውን ሆርሞን ስለማይሠራ ታማሚው ይገረጣል፤ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን ይህን ሆርሞን ሳይንቲስቶች በ1977 (እ.ኤ.አ.) ያጠሩት በጃፓን ከተሰበሰበ 2,550 ሊትር የሕሙማን ሽንት ነው። መርፌው በ1989 ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ለእጥበት ታማሚ የደም ማነስ ዋናው መድኃኒት የሰው ደም ነበር። ንቅለ ተከላን ያስፋፋው ሳይክሎስፖሪን ከፈንገስ፣ እሱን የተካው ታክሮሊመስ በጃፓን ከጹኩባ ተራራ አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የመጡ ናቸው። በአገራችን የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተካሄደ፤ ኩላሊት የሚለግሰው በሕይወት ያለ ዘመድ ነበር። የተተከለለት ሰው ኪኒኑን ዕድሜ ልኩን ይውጣል፤ አንድ ሳምንት ቢቋረጥበት ሰውነቱ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ሊቆጥረው ይችላል። ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ እጥበት ላይ የሚወድቅ ሰው ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ መተኛት ስላለበት እጥበት ባለበት ከተማ ቤት ይከራያል። እርሻው ይቆማል። ልጁ ከትምህርት ይቀራል። የሚኒባሷ ድምፅ ማጉያ የሚከፈተው ያኔ ነው።

ኩላሊት እንዳይደክም የሚከላከሉ ሌሎች መድኃኒቶችም ተከትለዋል። ፊኔሬኖን እ.ኤ.አ. በ2021 ስኳር ላለባቸው የኩላሊት ሕሙማን ተፈቀደ። ክብደት በመቀነስ ስሙ የገነነው ሴማግሉታይድ በ2024 በታተመ ጥናት ከባድ የኩላሊት ጉዳትን በ24 በመቶ ቀነሰ። ለእነዚህ የሚከፈለው ዋጋ ዛሬ ለአርባ ምንጭ ታማሚ የማይታሰብ ነውና አላረዝመውም።

ዳፓግሊፍሎዚን ግን ከዚህ ወገን አይደለም። የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ በህንድ በጥቅምት 2020 (እ.ኤ.አ.) አበቃ፤ በርካታ ፋብሪካዎች ማምረት ጀመሩ፤ ዋጋው ወረደ። ኢምፓግሊፍሎዚንም በመጋቢት 2025 ተከተለው። ኢትዮጵያ ብዙ መድኃኒት የምትገዛው ከህንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የዚህን ቤተሰብ መድኃኒቶች በ2021 ለስኳር ሕሙማን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቷል። በግንቦት 2025 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ኩላሊት ጤና ውሳኔ አሳለፈ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት አርባ ምንጭ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ መጋዘኑም መንገዱም አለ። የጎደለው ይህ ኪኒን በየወሩ ሳይቋረጥ ወደ ወረዳ እንዲወርድ የሚያዝ ውሳኔ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ የግል ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ላለው ይገኛል፤ ገረሴ ላለ ገበሬ ግን ሩቅ ነው።

አንድ የእጥበት ማሽን ሲገባ ሪባን ይቆረጣል፤ ካሜራ ይመጣል። የክሬቲኒን መመርመሪያ ኬሚካል ለጤና ጣቢያ ሲደርስ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አላየሁም። ማሽኑ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ለዛሬው ታማሚ ሕይወቱ ነው። ግን በአንድ ሰው የዓመት እጥበት የሚወጣው ገንዘብ ለስንት አዛውንት የኢናላፕሪልና የሽንት ምርመራ ወጪ እንደሚበቃ የጤና ጽሕፈት ቤቶች ቁጭ ብለው ቢያሰሉት በጀታቸው የሚለወጥ ይመስለኛል። ኢናላፕሪል ራሱ «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» የሚባልበት ወር ካለ ስለ ዳፓግሊፍሎዚን ማውራት ቅንጦት ይሆናል። በጎን ደግሞ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አለ። ለወገብ ሕመም ተብሎ ለወራት የሚዋጠው ማስታገሻ ከኢናላፕሪልና ሽንት ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ኩላሊትን በድንገት ሊጎዳ ይችላል። ግፊት ያለበት ሰው ማስታገሻ ሲገዛ ፋርማሲስቱ «የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ካልጠየቀው ራሱ መናገር አለበት።

ይህን የሚያነቡት ግፊት ወይም ስኳር ካለብዎ፣ ወይም በቤተሰብዎ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ካለ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን አለ? ክሬቲኒኔ ስንት ነው? ውጤቱን በወረቀት ተቀብለው ካርድዎ ውስጥ ያኑሩ፤ በዓመቱም ያስደግሙት። የታዘዘልዎትን ኪኒን ደህና ስለሆኑ አያቁሙ።